ከወንዙ ማዶ የተከራየ አድራሻ፦ የዕቃ አስተላላፊ ቅናሽ የማን ነው?

ከውጭ የተገዛ ዕቃ በአነስተኛ ወጪ ወደ ቶሮንቶ ማስመጣት የሚፈልግ ሰው ዘወትር የሚሰማው ምክር አንድ ነው። በኒው ዮርክ ግዛት ናያግራ ፎልስ፣ ሉዊስተን ወይም ቡፋሎ ላይ አድራሻ ከሚያከራይ ዕቃ አስተላላፊ ዘንድ ተመዝገብ፤ ሻጩ ወደዚያ ይላክልህ፤ ቅዳሜ ጠዋት ድልድዩን ተሻግረህ አምጣው፤ መኪና ከሌለህም አስተላላፊው ከሦስት ሻጮች የመጣውን ዕቃ በአንድ ካርቶን አሽጎ እደጅህ ድረስ ይልክልሃል። ምክሩ እውነት አለው። እኛም ለአዲስ መጤ ወገኖቻችን ስንሰጠው ኖረናል።

ሆኖም ምክር የሕግን ቦታ ሊይዝ አይገባም። የድንበር ክፍያ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር «ሸማቹ የራሱን መላ አግኝቷል» የሚል መልስ እንሰማለን። ይህ ጽሑፍ ያንን መልስ ይቃወማል። አስተላላፊው የሚሸጠው ቅናሽ በከፊል የሙያ ብልሃት ነው፤ በከፊል ግን ኦታዋ ራሷ ዕቃን በአጓጓዡና በተነሣበት አገር ለይታ ባወጣችው የቀረጥ ጣሪያ የተፈጠረ ልዩነት ነው። ብልሃቱን ሁሉም ሊጠቀምበት ይችላል። ልዩነቱን አሟጦ የሚጠቀምበት ግን የካናዳ ፓስፖርት በኪሱ፣ መኪና በደጁ ያለው ሰው ነው።

በሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር

በቅድሚያ ለአስተላላፊዎቹ የሚገባቸውን እንስጥ። ዓለም አቀፍ ኩሪየሮች የሚያስከፍሉት በሚዛን ክብደት ብቻ አይደለም። የሳጥኑን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በሴንቲ ሜትር ያባዙና ብዙውን ጊዜ ለ5000 ያካፍሉታል፤ ውጤቱን ከእውነተኛው ክብደት ጋር አነጻጽረው በሚበልጠው ያስከፍላሉ። 40 በ30 በ30 የሆነ ሳጥን በውስጡ ሁለት ኪሎ ልብስ ብቻ ቢኖር እንኳ 7.2 ኪሎ ተብሎ ይታሰባል። ከአምስት ኪሎ በላይ የሚከፈለው ለአየር ነው። አስተላላፊው ሳጥኑን ከፍቶ፣ ትርፍ ማሸጊያውን አስወግዶ፣ የተለያዩ ግዢዎችን በአንድ ካርቶን ሲያሽግ ያ አየር ይወጣል፤ ሦስት ጭነትም አንድ ይሆናል። ይህ እውነተኛ ሥራ ነው፤ ዋጋም ይገባዋል።

ለእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ወደ ቶሮንቶ ሊበር የተዘጋጀ ሰው ባለበት ቤት አንዲት እናት ብቅ ብለው «የኔ ልጅ፣ ሻንጣህ ቦታ ካለው ይህችን ለልጄ አድርስልኝ» ሳይሉ የሚቀሩበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከሽሮ ሜዳ የተገዛ የሐበሻ ቀሚስ፣ በላስቲክ ላይ ላስቲክ የተጠቀለለ በርበሬ፣ የተቆላ ቡና፣ ሁሉም 23 ኪሎ በሚይዝ የሌላ ሰው ሻንጣ ውስጥ ቦታ ይፈለግለታል። ዕቃን ሰብስቦ በአንድ ማሸጊያ ማስተላለፍን ከኒው ዮርክ መጋዘኖች አልተማርነውም። የሚያሳስበን ይህ የጉርብትና ዘዴ፣ ሌላ አማራጭ የሌለው ሰው ብቸኛ ፖስታ ቤት ሆኖ መቅረቱ ነው።

ሦስት ቁጥሮች

የካናዳ ሕግ ከውጭ ለሚመጣ አነስተኛ ዕቃ ሦስት ጣሪያዎችን ያውቃል፦ 20፣ 40 እና 150 የካናዳ ዶላር። ነገሩ ሁለት ትእዛዞች ላይ ይቆማል፤ አንዱ በፖስታ፣ ሌላው በኩሪየር የሚገቡ ዕቃዎችን የሚመለከት ሲሆን፣ ሁለቱም በ1985 የወጡ ናቸው። ለፖስታ ጥቅል ከቀረጥና ከታክስ ነፃ የሚሆነው እስከ 20 ዶላር ነው። ይህ ቁጥር ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈቀቅ አላለም። በእነዚህ ዓመታት የዳቦ ዋጋ፣ የቤት ኪራይና የቲቲሲ ቲኬት የት እንደደረሱ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ሐምሌ 1 ቀን 2020 ካናዳ፣ አሜሪካና ሜክሲኮ የተፈራረሙት የንግድ ስምምነት፣ ኩስማ፣ በሥራ ላይ ሲውል የኩሪየሩ ትእዛዝ ተሻሻለ። ከአሜሪካ ወይም ከሜክሲኮ በኩሪየር የሚመጣ ዕቃ እስከ 40 ዶላር ከቀረጥም ከታክስም፣ እስከ 150 ዶላር ደግሞ ከቀረጥ ነፃ ሆነ። የፖስታው ትእዛዝ ግን በ20 ዶላር ላይ ቀረ። ከሌላው ዓለም የሚመጣ ዕቃ በኩሪየር ቢላክም ጣሪያው ያው 20 ነው።

ይህ በአንድ ቤት በጀት ላይ ምን እንደሚያደርግ እናስላ። የቀረጥ መጣኙ 18 በመቶ የሆነ፣ ዋጋው 38 ዶላር የሆነ ልብስ ከአሜሪካ ታዘዘ እንበል። በካናዳ ፖስት በኩል መጥቶ ድንበር ላይ ከተገመተ ቀረጡ 6.84 ዶላር፣ በቀረጡ ላይ ተደምሮ የሚታሰበው የኦንታሪዮ 13 በመቶ የሽያጭ ታክስ፣ ኤችኤስቲ፣ 5.83 ዶላር ይሆናል። በዚህ ላይ ካናዳ ፖስት የራሱን የአያያዝ ክፍያ 9.95 ዶላር ይጨምራል። ድምሩ 22.62 ዶላር ነው፤ የልብሱን ዋጋ ስድሳ በመቶ ያህል መሆኑ ነው። ይኸው ልብስ፣ ከዚያው መጋዘን፣ በዚያው ቀን በኩሪየር ቢመጣ ለመንግሥት የሚከፈል ሳንቲም የለም።

እርግጥ ነው፣ ብዙ የፖስታ ጥቅል ሳይገመት ያልፋል። የድንበር አገልግሎት ኤጀንሲው ሁሉንም ለመፈተሽ አቅም የለውም። ይህ ግን ሕጉን ይበልጥ ያስነቅፈዋል እንጂ አያስመሰግነውም፤ አንዱ በዕድል ያመልጣል፣ ጎረቤቱ በዕጣ ይከፍላል።

ከዚህ የሚብሰው የመነሻ አገሩ ጉዳይ ነው። የ40 እና የ150 ዶላሩ ጣሪያ የሚመለከተው ዕቃው የተላከበትን አገር እንጂ የተሠራበትን አይደለም። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተሰፋ አንድ ሸሚዝ እንውሰድ። ሸሚዙ በአሜሪካ መጋዘን ከርሞ በኩሪየር ወደ ቶሮንቶ ሲላክ እስከ 40 ዶላር ድረስ ነፃ ነው። በቀጥታ ከአዲስ አበባ በፖስታ ሲላክ ግን ከ20 ዶላር በላይ ሁሉ ይገመታል። ካናዳ በልማት ወደ ኋላ ለቀሩ አገሮች በሰጠችው ልዩ ታሪፍ መሠረት የኢትዮጵያ ልብስ የመነሻ አገሩ ማረጋገጫ ተቀባይነት ካገኘ ቀረጥ አይከፈልበትም። ሆኖም 38 ዶላር የሚያወጣው ሸሚዝ 4.94 ዶላር ታክስና 9.95 ዶላር የአያያዝ ክፍያ፣ በድምሩ 14.89 ዶላር ይጠየቅበታል። ለድሃ አገር ሸማኔና ሰፊ በአንድ እጅ የተሰጠው በሌላው እጅ ተወሰደ ማለት ነው። የሠራው አገር ይቀጣል፤ ያከማቸው አገር ይሸለማል። ይህን በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የልማት ሰነዶች ውስጥ ከሚነበበው የ«አጋርነት» ቋንቋ ጋር ማስታረቅ ለሚችል ሰው ምስጋናችን የላቀ ነው።

ስጦታም ከዚህ አያመልጥም። በግለሰብ ለግለሰብ የሚላክ ስጦታ እስከ 60 ዶላር ነፃ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ይገመታል። እናት ለልጇ ሠርግ 90 ዶላር የሚያወጣ ቀሚስ በፖስታ ብትልክ ትርፉ 30 ዶላር ነው። ቀረጥ ባይኖርበት እንኳ ታክሱ 3.90 ዶላር ይሆናል። ይህችን 3.90 ዶላር ለመሰብሰብ ተቀባይዋ 9.95 ዶላር ትከፍላለች። መንግሥት ከሚያገኘው ይልቅ ማስከፈያው ከሁለት እጥፍ በላይ የሚበልጥበት ክፍያ በምን ስም ግብር ሊባል እንደሚችል አላውቅም።

በኩሪየር በኩል ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ዕቃው ታክስ የሚከፈልበት ሆኖ ሲገኝ ኩሪየሩ ራሱ የጉምሩክ ሥርዓቱን ፈጽሞ የማስፈጸሚያ ክፍያ ይጠይቃል፤ መጠኑን የሚወስነውም ራሱ ነው። ስካርቦሮ የምትኖር፣ ሌሊት በአረጋውያን እንክብካቤ የምትሠራ አንዲት ጎረቤቴ የልጆች ጫማ አዝዛ በሯ ላይ የተጠየቀችው ክፍያ ከታክሱ ይበልጥ ነበር። «ወይ እከፍላለሁ፣ ወይ ጫማው ይመለሳል፤ ልጁ ደግሞ ሰኞ ትምህርት ቤት አለበት» አለችኝ። ከፈለች። ሕጉ ሸማቹ ራሱ ወደ ድንበር አገልግሎት ቢሮ ሄዶ የጉምሩክ ሥርዓቱን እንዲፈጽምና ይህን ክፍያ እንዳይከፍል ይፈቅድለታል። ለዚህም ዕቃው ከመድረሱ በፊት ለኩሪየሩ ማሳወቅ፣ ሰነዶቹን መቀበል፣ በሥራ ሰዓት ቢሮ መገኘት ያስፈልጋል። ሌሊት ሠርታ ቀን የምትተኛ እናት ይህን መብቷን በየትኛው ሰዓት ትጠቀምበት?

ድልድዩን የሚሻገረው ማን ነው?

ከቶሮንቶ መሐል እስከ ናያግራ ፎልስ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የካናዳ ዜጋ ሬይንቦው ድልድይን ለመሻገር ቪዛ አያስፈልገውም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚኖር ቋሚ ነዋሪ ግን ያስፈልገዋል። የማመልከቻው ክፍያ 185 የአሜሪካ ዶላር ነው። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ደግሞ አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠው አብዛኛው የጉብኝት ቪዛ ለሦስት ወር የሚያገለግልና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ሆኗል። አሥር ዶላር ለመቆጠብ 185 ዶላር የሚከፍል የለም። ለዜግነት ለማመልከት በአምስት ዓመት ውስጥ 1095 ቀን በካናዳ መኖር ግድ ስለሆነ፣ ይህ እገዳ ለአንድ አዲስ መጤ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይዘልቃል። ለጥገኝነት ጠያቂ ደግሞ ድንበር መሻገር ጭራሽ የሚታሰብ አይደለም። የልጅ ልብስ፣ የክረምት ካፖርትና የወጥ ቤት ዕቃ አብዝቶ የሚገዛው ቤተሰብ ግን ገና ቤት የሚያቋቁመው፣ ይኸው ቤተሰብ ነው።

የሚሻገረውም ቢሆን የሚያገኘው ጥቅም እንደሚወራው አይደለም። ከካናዳ ከ24 ሰዓት በታች ለወጣ ሰው የግል ነፃ መብት የለም። 24 ሰዓት ከቆየ እስከ 200 ዶላር ይፈቀድለታል፤ ከ200 ካለፈ ግን ትርፉ ብቻ ሳይሆን ሁሉም ይገመታል። 800 ዶላር የሚፈቀደው 48 ሰዓት ለቆየ ነው። እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት ሄዶ ለምሳ የሚመለሰው ሰው በሕጉ መሠረት በያዘው ሁሉ ላይ ኤችኤስቲ አለበት። መኮንኑ ትንሽ ነገር ነው ብሎ ሊያሳልፈው ይችላል፤ ያ የመኮንኑ በጎ ፈቃድ ነው። የቅዳሜው ቁጠባ በሕጋዊ መንገድ የሚገኘው ከመላኪያ ዋጋው ነው፤ የቀረው በኬላው መስኮት ላይ ባለ ዝምታ የሚገኝ ነው።

በዚህ ላይ ለራሳችን ሰዎችም የምንለው አለ። «በደረሰኙ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጽፍልሃለን» የሚል አስተላላፊ ውለታ አልዋለም። በሐሰት የተገለጸ ዕቃ ሊወረስ ይችላል፣ ቅጣትም ያስከትላል፤ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ደግሞ የአስመጪው ስም ነው። ገና ዜግነቱን የሚጠብቅ ሰው በሃያ ዶላር ምክንያት ስሙን በድንበር ኤጀንሲ መዝገብ ላይ ማስፈሩ አያዋጣውም።

ምክሩ ያረጀበት ሌላም ምክንያት አለ። አሜሪካ እስከ 800 ዶላር ድረስ ለአነስተኛ ጥቅል የሰጠችውን የቀረጥ ነፃ መብት፣ ለቻይናና ለሆንግ ኮንግ ከግንቦት 2፣ ለዓለም ሁሉ ደግሞ ከነሐሴ 29 ቀን 2025 ጀምሮ አግዳለች። ከአውሮፓ፣ ከቻይና ወይም ከአዲስ አበባ ታዝዞ በናያግራ ፎልስ አድራሻ በኩል የሚያልፍ ዕቃ አሁን መጀመሪያ በአሜሪካ፣ ቀጥሎ በካናዳ ሊከፈልበት ይችላል። ምክሩን የሚደግሙ የመረጃ ወረቀቶች ይህን ካላካተቱ አንባቢያቸውን ለሁለት ቀረጥ እየዳረጉት ነው።

አማላጁ ለምን ካናዳዊ አይሆንም?

የሕግ አውጪዎች ባልደረቦች ብዙም የማያስተውሉት አንድ ሐረግ አለ። በፖስታ ለሚመጣ ዕቃ የተሰጠው የ20 ዶላር ነፃ መብት ትምባሆን፣ አልኮልን፣ መጻሕፍትንና መጽሔቶችን አይጨምርም፤ በካናዳ የፖስታ ሳጥን ወይም በካናዳዊ አማላጅ በኩል የታዘዘ ዕቃንም እንዲሁ።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ እናስብ። በዳንፎርዝ ጎዳና፣ ከግሪንዉድ ወዲህና ወዲያ ካሉት የሐበሻ ሱቆች አንዱ የደንበኞቹን ትእዛዝ ሰብስቦ፣ በአንድ ጭነት አስመጥቶ፣ በትንሽ ክፍያ ላከፋፍል ቢል ደንበኞቹ ያችን የ20 ዶላር መብት ያጣሉ። አንድ የመረዳጃ ማኅበር ለአባላቱ ይህንኑ ቢያደርግ እንዲሁ ነው። ያንኑ ሥራ ከወንዙ ማዶ ያለ የአሜሪካ መጋዘን ሲሠራው ግን ክልከላው አይነካውም። የአገር ውስጥ ነጋዴን ለመጠበቅ ሲባል የተጻፈ ሐረግ የአማላጅነቱን ሥራ፣ የሠራተኛውን ደመወዝና የመጋዘኑን ኪራይ ወደ ኒው ዮርክ ግዛት አሻግሮታል። ለቅናሹ ስንል ድንበር የምንሻገረው እኛ ብቻ አይደለንም፤ የሥራ ዕድሉም አብሮን ይሻገራል።

የተቃዋሚዎች ክርክርና የእኛ ጥያቄ

የካናዳ ቸርቻሪዎች ምክር ቤት በስምምነቱ ድርድር ወቅት ጣሪያውን ከፍ ማድረግን አጥብቆ ተቃውሟል። ክርክሩ ቀላል ነው፤ ኪራይና ኤችኤስቲ የሚከፍል የአገር ውስጥ ሱቅ፣ ታክስ ከማይከፍል የውጭ ሻጭ ጋር እንዲወዳደር ማድረግ ፍትሕ አይደለም። ይህን ክርክር አናጣጥለውም። የዳንፎርዝ ባለሱቅም ያው ጥያቄ አለው፤ እኛም የአሜሪካን የቀድሞ 800 ዶላር ካናዳ ትቅዳ አንልም። ነገር ግን ምክር ቤቱ የሚከላከለው 20 ዶላር፣ ከአሜሪካና ከሜክሲኮ በኩሪየር ለሚመጣ ዕቃ በ2020 ተነሥቶ ለፖስታና ከሌላው ዓለም ለሚመጣ ዕቃ የቀረ ነው። የሚጠብቀውም ሱቁን አይደለም፤ በፖስታ የሚልከውን ሰው ለይቶ ይቀጣል እንጂ። የሲ.ዲ. ሃው ኢንስቲትዩት በ2016 ባወጣው ጥናት መንግሥት ከአነስተኛ ጥቅሎች የሚሰበስበው ገቢ ለመሰብሰብ ከሚያወጣው እንደሚያንስ አሳይቷል። ኪሳራ የሚያመጣ ግብር የማንም ሱቅ ጋሻ ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን እኩልነት ነው። የ40 እና የ150 ዶላሩ ጣሪያ ዕቃው በፖስታም ይምጣ በኩሪየር፣ ከቡፋሎም ይነሣ ከአዲስ አበባ፣ ለሁሉም አንድ ይሁን። ይህ አዲስ የታሪፍ ሥርዓት አይጠይቅም። የምሕረት ትእዛዞች በገንዘብ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በካቢኔ የሚወጡ ናቸው፤ በዚያው መንገድ ሊሻሻሉ ይችላሉ። የካናዳዊ አማላጅ ክልከላው አብሮ ይሰረዝ፤ ቢያንስ ለመረዳጃ ማኅበራትና ለአነስተኛ ሱቆች ይነሣ። የአያያዝ ክፍያ ደግሞ ከተሰበሰበው ቀረጥና ታክስ ድምር እንዳይበልጥ በደንብ ይገደብ፤ ኩሪየሮችም የማስፈጸሚያ ክፍያቸውን ሸማቹ ከመግዛቱ በፊት እንዲያሳውቁ ይገደዱ።

ዘለቄታ ያለው መፍትሔ ግን ሌላ ነው። አውስትራሊያ ከሐምሌ 2018 ጀምሮ እስከ 1000 የአውስትራሊያ ዶላር ለሚያወጣ ዕቃ ታክሱን የሚሰበስበው ትልልቁ ሻጭ ወይም የገበያ መድረኩ ራሱ፣ በግዢው ቅጽበት እንዲሆን አድርጋለች። ኒው ዚላንድ በታኅሣሥ 2019፣ የአውሮፓ ኅብረትም በሐምሌ 2021 ተመሳሳይ መንገድ ተከትለዋል። እንዲህ ሲሆን ባለሱቁ የጠየቀው እኩልነት ይከበራል፤ ሸማቹም በሩ ላይ ያልጠበቀው ሂሳብ አይመጣበትም። ካናዳ በሐምሌ 2021 የውጭ ሻጮችን በከፊል ወደ ኤችኤስቲ መዝገብ አስገብታለች፤ ነገር ግን ያ ሕግ በአገር ውስጥ መጋዘን ያለን ዕቃ እንጂ ከውጭ በቀጥታ ለሸማቹ የሚላከውን ጥቅል አይነካም። ግማሽ መንገድ ተሄዷል። የቀረውን ለመሄድ የሚያግድ የቴክኒክ ችግር አይታየንም።

ለፓርላማ አባላት ጽሕፈት ቤቶች አንድ ፈጣን ሥራ እናቀርባለን። ማንኛውም አባል ለመንግሥት የጽሑፍ ጥያቄ አስመዝግቦ በ45 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጠው መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው እንዲህ ቢሆን፦ ባለፉት አምስት ዓመታት ዋጋቸው ከ20 እስከ 40 ዶላር በሆኑ የፖስታ ጥቅሎች ላይ ስንት ቀረጥና ታክስ ተሰበሰበ፤ ለመሰብሰብ ስንት ወጣ፤ በእነዚሁ ጥቅሎች ላይ ከተቀባዮች የተወሰደው የአያያዝ ክፍያ ስንት ነው፤ ከአሜሪካና ከሜክሲኮ ውጭ የተላኩት ድርሻስ? የጥያቄውን ረቂቅ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ አዘጋጅተናል፤ ለሚጠይቅ ጽሕፈት ቤት ሁሉ በዕለቱ እንልካለን።